ምዕራፍ ሰባት፦ የጽድ ፍሬ እድምተኞች

አዲስ አበባ ኅዳር 12 ቀን በማለዳ ትታጠናለች። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ የተባለው፥ የቀረው ዓለም የስፔን ኢንፍሉዌንዛ የሚለው ወረርሽኝ የከተማይቱን ሕዝብ እንደ ቅጠል ካረገፈው ወዲህ፥ የቤትን ጉድፍና የደጅን ቆሻሻ በዚህ ቀን ጠርጎ ማቃጠል ከአባት ወደ ልጅ የወረደ ልማድ ሆኗልና፥ ገና ፀሐይ ሳትወጣ ከየሰፈሩ የሚነሣው ጢስ እንደ ነጠላ ተዘርግቶ፥ ከሰሜን ከፍታ ላይ ቆሞ ቁልቁል ለሚመለከት ሰው ከተማይቱ የሰጠመች፥ ጉልላቶችና ረጃጅም ፎቆች ብቻ ከጢሱ ባሕር በላይ ብቅ ብለው የቀሩ ይመስላል። እኔም በአንድ ኅዳር ሚካኤል ጠዋት፥ ጢስ የማይስማማው ሰው በመሆኔም፥ ወፍ የማየት አመል ስላለብኝም፥ ጋቢዬን በኮቴ ላይ ደርቤ፥ አቅርቦ የሚያሳየውን መነጽር በአንገቴ አንጠልጥዬ፥ ወደ ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ሽቅብ ወጣሁ።

የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ዓመቱን በአራት ሲከፍሉት ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለውን ወቅት ዘመነ መጸው ይሉታል። ብዙ ሰው ግን መጸውን ከአበባ ጋራ ብቻ ስለሚያስበው፥ ዘመነ ጽጌ ኅዳር 5 ቀን ሲፈጸም፥ አደዩም በየጥሻው ሲጠወልግ፥ መጸው አብሮ ያለቀ ይመስለዋል። ለአዕዋፍ ተመልካች ግን ምርጡ ጊዜ ገና ከዚህ በኋላ ይጀምራል፤ ዝናቡ ቆሟል፥ ሰማዩ ጠርቷል፥ የሌሊቱ ብርድ ይቆረጥማል፥ አበባው ወደ ፍሬ ተለውጧል፥ ከሩቅ አገር የሚመጡትም አዕዋፍ ጉዟቸውን ጨርሰው ማደሪያቸውን ይዘዋል። ሁሉም በየማዕዱ ተቀምጦ ሳለ የተመልካቹ ሥራ ማዕዱ የት እንደ ተዘረጋ ማወቅ ብቻ ነው፤ ይህም ሲነገር ይቀላል እንጂ፥ እኔ ለማወቅ ብዙ ኅዳር ፈጅቶብኛል።

ማዕከሉ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማይቱ አስተዳደር በኅብረት ያቋቋሙት ሲሆን፥ ከእንጦጦ ጋራ በተያያዘው ተራራ ላይ፥ ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፥ ከ700 ሄክታር በላይ ይዞ ተዘርግቷል። በ8 ቅጽ የተደረሰውን የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጽሐፍ ከፍጻሜ ካደረሱት ሊቃውንት አንዱ የሆኑት ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ይህን ስፍራ በኃላፊነት መርተዋል። ዓላማውም የሀገር በቀል ዕፅዋት መጠበቂያና መማሪያ ማድረግ ነው። ይሁን እንጂ ተራራው እንደ ባዶ ብራና ንጹሕ ሆኖ አልጠበቃቸውም፤ ቀድሞ ብዙ ተጽፎበት፥ ተፍቆም እንደ ገና የተጻፈበት ነበር።

ዐፄ ምኒልክ ከእንጦጦ ወርደው በፍል ውኃ አጠገብ አዲስ አበባን በቆረቆሩ ጊዜ በዙሪያው የነበረው የጽድና የወይራ ደን ለቤት ሥራና ለማገዶ እየተቆረጠ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ስለ ተራቆተ፥ የእንጨት እጦቱ ንጉሠ ነገሥቱን መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም እስከ ማዛወር ድረስ አሳስቧቸው ነበር። ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ፥ ስሙ ራሱ ከባሕር ማዶ መምጣቱን የሚናገርበት ይህ ፈጣን ዛፍ፥ በዚያን ዘመን ተተክሎ ከተማይቱን በቦታዋ አጸናት። እንግዲህ ባሕር ዛፍን የሚያማ ሰው፥ እኔም አንዳንዴ ከሐሜተኞቹ ነኝ፥ በሐሜቱ መካከል አዲስ አበባ ዛሬ በምትገኝበት ስፍራ የምትገኘው በዚሁ ዛፍ ብድር መሆኑን ማስታወስ ይገባዋል።

ያን ጠዋት ከግቢው ውጭ፥ በመንገዱ ዳር፥ አንገቴን ወደ ላይ ሰብሬ የአንዱን ባሕር ዛፍ ጫፍ ስመረምር፥ ከእርሷ ቁመት የሚበልጥ የቅጠል ሸክም በጀርባዋ አዝላ ወደ ሽሮ ሜዳ የምትወርድ አንዲት ሴት ደርሳ ቆመች።

«ጋሼ፥ ምን ጠፋብዎት?»

«ምንም አልጠፋብኝ፥ እኅቴ። ወፍ እያየሁ ነው።»

ሸክሟን ወደ ላይ ገፋ አድርጋ አስተካከለችና፥ ትዝብትና ርኅራኄ በተቀላቀለበት ዓይን አየችኝ። «ወፍማ ይሰማል እንጂ መች ይታያል! ደግሞ እዚህ ምን አለ? ከፈለጉ ከጽዱ ዘንድ ይሂዱ» ብላኝ ቁልቁለቱን ተያያዘችው።

ስለ አዕዋፍ አመለካከት በብዙ ገጽ የተጻፉ መጻሕፍትን አንብቤአለሁ፤ ይህች ሴት በሦስት ዓረፍተ ነገር ከነገረችኝ የሚበልጥ ትምህርት ግን ከጥቂቶቹ ብቻ ነው ያገኘሁት። ጀማሪ ተመልካች በዓይኑ ይመካል፤ መነጽር ይገዛል፥ ቅርንጫፍ ይመረምራል፥ ወፏም ከቅጠል ኋላ ሆና ትታዘበዋለች። በደን ውስጥ ግን ከዓይን ጆሮ ይቀድማል፤ ድምፅ በቅጠል አይጋረድምና። ስለዚህ ልማዴ በየመቶ እርምጃው ቆሞ፥ ዓይንን ጨፍኖ፥ እስከ ሁለት መቶ መቁጠር ሆኗል። ይህን የሚያደርግ ሰው የጉለሌን ደን ታሪክ በጆሮው ያነባል፤ ዓይኑን ጨፍኖ ሳለም ከየትኛው ዛፍ ሥር እንደ ቆመ ሊናገር ይችላል።

በባሕር ዛፉ መካከል የሚሰማው ከሁሉ በፊት የራሱ የዛፉ ድምፅ፥ የላጡ መንኳኳትና የረጅሙ ግንድ ሲጥ ማለት ነው። የከተማችን ወጣቶች አንድ ነገር ፈጽሞ እንደማይሆን ሲናገሩ «ወፍ የለም» ይላሉ፤ እዚህ ቆሜ ይህን አነጋገር በሰማሁት ቁጥር የፈጠረው ሰው ከባሕር ዛፍ ሥር ያደገ ይመስለኛል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ቅጠሉ በዘይት የተሞላ ነው፤ በትውልድ አገሩ የሚበሉት ነፍሳትም በአብዛኛው አብረውት አልተሻገሩም፤ ትል በሌለበት ትል ለቃሚ ወፍ አይውልም። ነገር ግን ዝምታው ፍጹም አይደለም። አበባው በፈነዳበት ቅርንጫፍ ላይ ማር ቀሳሚዎቹ ወፎች ይሽቀዳደማሉ፤ ጭልፊቶችም ከጫፉ ላይ ጎጆ ይሠሩበታል። ያን ዕለትም ከበላዬ የተነሡ ሁለት ጭልፊቶች ጢስ ባለበት በእሳት የተባረረ ሲሳይ እንደማይጠፋ ስለሚያውቁ ወደ ከተማይቱ አቅጣጫ ሲያንዣብቡ አየሁ።

ፀሐይ የተራራውን ትከሻ ስትነካ ጋጋኖዎቹ ካደሩበት ተነሡ። ከጉሮሮው የተንጠለጠለ ሥጋ፥ በክንፉም ላይ ሲበር ብቻ የሚገለጥ ነጭ ሰሌዳ ያለው ይህ ወፍ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር በሌላ ምድር አይገኝም፤ መንጋው በአንድነት ሲጮኽ ድምፁ በሠርግ ቤት ደጅ የሚንጫጩ ጎረምሶችን ሣቅ ይመስላል እንጂ የወፍ ዜማ አይመስልም። ወደ ሜዳው ወርደው ረጅም ማንቁራቸውን ከሣሩ ሥር እየሰደዱ ትል ሲያወጡ ይውላሉ። ቀጥሎ ትልቁ ቁራ አለፈ፤ ከዓለም ቁራዎች መካከል በግዝፈት ከመጀመሪያዎቹ የሚቆጠር፥ ማንቁሩ እንደ መጥረቢያ የከበደ፥ በማጅራቱም ላይ ነጭ ምልክት ያለበት ነው። ልጅ ሳለን ነጩ ለነቢዩ ኤልያስ እንጀራ የተሸከመበት ቦታ ነው እያልን እንከራከር ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ስም ጥቂት ማለት አለብኝ፤ የዚህ ምዕራፍ አካሄድ ባያስገድደኝም ቁጭቱ ያስገድደኛልና። የፍራንክፈርቱ ተወላጅ ኤድዋርድ ሩፔል ከ1831 እስከ 1834 እ.ኤ.አ. በሀገራችን ተዘዋውሮ በተመለሰ ጊዜ፥ ጋጋኖውን፥ ትልቁን ቁራ፥ በየቤተ ክርስቲያኑ ጣራ የምናያትን ባለ ነጭ አንገት ርግብ፥ ሌሎችንም ለሳይንስ የገለጠ እርሱ ነበር። ከእርሱም አስቀድሞ በ1814 እ.ኤ.አ. ከኢትዮጵያ የተወሰደች አንዲት ማር ቀሳሚ ወፍ በተከዜ ወንዛችን ስም ተሰይማ፥ እስከ ዛሬ በዓለም መዛግብት «ተከዜ» ትባላለች፤ ወንዱ ከሩቅ ጥቁር፥ ፀሐይ ሲነካው ግን ሐምራዊ የሆነ፥ በጉለሌም የሚገኝ ነው። እኛስ? አባቶቻችን በአክሱም ዘመን ፊሳልጎስ የተባለውን መጽሐፍ ከጽርዕ ወደ ግዕዝ ሲመልሱ የንስርን፥ የቁራን፥ የርግብን ጠባይ ከነምሥጢሩ ተርጕመው ነበር። ለምግብ ያሰብናቸውን ቆቅና ጅግራ፥ እህላችንን የሚፈጀውን ግሪሳ፥ ሬሳ የሚያነሣውን ጥንብ አንሣ፥ ግንዱን የሚቀጠቅጠውን ግንደ ቆርቁር በየስማቸው እንጠራለን። የማይጠቅመንንና የማይጎዳንን ግን «ወፍ» ብለን አልፈነዋል። ከ850 የሚበልጥ የወፍ ዓይነት ባለበት አገር ይህ አንድ ቃል ብዙ ሸክም ተጭኖበታል።

ስለዚህ ወደ ጽዱ ስደርስ ስለምትጠብቀኝ ወፍ ለመናገር የራሴን ስም ልስጣት፤ ምክንያቱን በኋላ አመጣዋለሁ። ግራ ጌታ እላታለሁ።

ጽዱ በገደሉ አፋፍ ላይ ይገኛል። የሐበሻ ጽድ ነው እንጂ በየመቃብሩ የሚተከለው የፈረንጅ ጽድ አይደለም። ጽድ ወንዴና ሴቴው በየራሱ ዛፍ ነው፤ ይህችኛዋ ሴቴ ናት፥ በኅዳርም ከአናቷ እስከ ታችኛው ቅርንጫፏ ከአተር ባልበለጠ፥ ሰማያዊ ጥቁረት ባለው፥ ነጭ አቧራ የተነሰነሰበት በሚመስል ፍሬ ተጭና ነበር። በጣቴ አንዱን ጨፈለቅሁት፤ ሽታው የአዲስ ቁም ሣጥን ሽታ ነው፤ ውስጡም ጠንካራ ዘሮች አሉበት። ከሥሯ ቀጋና አጋም ተቆላልፈው ጥሻ ሠርተዋል። ከዚህ ጥሻ ፊት ለፊት፥ ጀርባዬን ለድንጋይ ሰጥቼ ተቀመጥሁ።

ለሩብ ሰዓት ያህል ምንም አልነበረም። ድንገት ደግሞ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጡ። ይህ የሚያስደንቅ ቢመስልም ምክንያት አለው፤ በመራቢያቸው ወራት እያንዳንዱ ጥንድ የየራሱን ቀበሌ ሲጠብቅ የከረሙት ትናንሽ ወፎች፥ ያ ጊዜ ሲያልፍ ዓይነታቸው ልዩ ልዩ ሆኖ ሳለ በአንድ ማኅበር ሆነው ደኑን ያዳርሳሉና ነው። አንዱ ከቅርፊት ሲለቅም ሌላው ከቅጠል ጫፍ ስለሚለቅም በሲሳይ ብዙ አይጣሉም፤ ብዙ ዓይን ባለበት ደግሞ ጭልፊት ሳይታይ አይቀርብም። ስለዚህ በኅዳር ደን ውስጥ ተመልካች የሚያገኘው ረጅም ባዶ ሰዓትና አጭር ግርግር ነው፤ በባዶው ሰዓት ተስፋ ቆርጦ የሄደ ግርግሩን አያይም። በቅድሚያ ዓይናቸውን ነጭ ቀለበት የከበበው አረንጓዴ ጥቃቅኖች ደረሱ፥ ቀጥሎ ጀርባው የነጣ ጥቁር ወፍ፥ ከዚያም ክብደቷ 10 ግራም የማይሞላ፥ ከአውሮፓ ወይም ከእስያ የመጣች ቅጠልያ ወፍ ጅራቷን ወደ ታች እየነቀነቀች ደረሰች።

ማኅበሩ ሲያልፍ ከጥሻው ውስጥ ዜማው ተነሣ። አንዱ ወፍ በጠራ፥ ውኃ ከእንስራ ሲንቆረቆር በሚመስል ድምፅ ጀመረ፤ ገና ሳይጨርስ ሌላው ከማዶው ቅርንጫፍ በሻከረ ተንቀጥቃጭ ድምፅ ተቀበለ፤ ሁለቱ እንዲህ እየተቀባበሉ፥ ክንፋቸውንም እያርገበገቡ፥ ለአንድ ቅጽበት ከሁለት ጉሮሮ እንደሚወጣ የማይታወቅ አንድ ዜማ ሆኑ። ወንዱና ሴቷ ናቸው፤ በመልክ አይለያዩም፤ ሁለቱም አመድማ፥ ግንባራቸው ነጣ ያለ፥ ከጅራታቸው ሥር የሸክላ ቀለም ያለባቸው ናቸው። በቅኔ ማሕሌት ቀኝ ጌታው ሲጀምር ግራ ጌታው ሲቀበል ያየ ሰው ከዚህ ሌላ ስም ሊያወጣላቸው የሚችል አይመስለኝም። ዜማን ለቅዱስ ያሬድ ያመጡለት ሦስት አዕዋፍ ናቸው የሚለውን ትውፊት የጻፉት አባቶችም ደን ውስጥ ማለዳ ተቀምጠው የሚያውቁ ሰዎች ሳይሆኑ አይቀሩም። ፈረንሳዮች በ1843 እ.ኤ.አ. ይህችን ወፍ ሲሰይሟት የሰጧት ስም በሀገራችን የተዘዋወረ ጋሊኒዬ የተባለ መኮንናቸውን ስም ነው። እርሷ ግን ከኢትዮጵያ ደጋ ውጭ የትም የለችም።

«ወፍ እንዳገሩ ይጮኻል» ይባላል። ግራ ጌታ የዚህ ምሳሌ ፍጹም ማስረጃ ናት። ዜማው እንደ ቆመ ግን ከዚያው ጽድ አናት ላይ አገሯን የማትናገር ሌላ ድምፅ ተሰማች፤ ሁለት ትናንሽ ጠጠሮች ሲጋጩ ዓይነት፥ ደረቅ «ጭክ፥ ጭክ» ብቻ ናት። መነጽሬን አነሣሁ። ግራጫ ወፍ፥ በራሱም ላይ ልክ እስከ ዓይኑ የወረደ ጥቁር ቆብ፤ ከአጠገቡ ደግሞ ቆቧ የዝገት መልክ የሆነ ሴቲቱ። ጀርመኖች በዚሁ ቆብ ምክንያት በቋንቋቸው የመነኩሴ ስም ሰጥተዋታል። ይህች ባለ ቆብ ወፍ፥ ክብደቷ 20 ግራም ገደማ ሆኖ ሳለ፥ በምሥራቅ አውሮፓ ወይም በምዕራብ እስያ ደን ውስጥ ተፈልፍላ፥ በመከር ወራት ትል መልቀሙን ቀንሳ በፍራፍሬ ስብ አከማችታ፥ ሌሊት ሌሊት እየበረረች፥ ባሕሩንና በረሃውን ተሻግራ ወደ ጉለሌ ጽድ የደረሰች ናት። በሰው ደጅ ያለ እንግዳ አንገቱን ደፍቶ እንደሚበላ፥ በትውልድ አገሯ የምትታወቅበትን ያን ውብ ዜማ እዚህ እምብዛም አታሰማም።

መንገዱን ማን አሳያት? ይህን ጥያቄ በጀርመን አገር ፔተር በርቶልድና ባልደረቦቹ በዚህችው በባለ ቆቧ ወፍ ላይ መርምረዋል። ወላጆቿን አይታ በማታውቅ፥ በሰው እጅ ባደገች ጫጩት ላይ እንኳ፥ የስደት ወራት ሲደርስ ዕረፍት ማጣትና ዘሯ ወደሚሄድበት አቅጣጫ መንጠራራት ታየ። ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚሰደዱትን ወደ ደቡብ ምሥራቅ ከሚሰደዱት ጋራ ባዳቀሏቸው ጊዜም፥ ጫጩቶቹ በሁለቱ መካከል ያለውን አቅጣጫ ያዙ። ካርታውን ከእንቁላሉ ይዘውት ይወጣሉ ማለት ነው።

ከዚህ የበለጠ ያስደነቀኝን ነገር ያወቅሁት ግን ከዚያ ጠዋት በኋላ ነው። የቀድሞ ሊቃውንት ግራ ጌታን በየት ወገን እንደሚያስቀምጧት ሲቸገሩ ኖረው፥ ከሌላ ዘር ጋራ ደምረዋት ነበር። በቅርብ ዐሥርታት የአዕዋፍ የዘር ቅንጣት በተመረመረ ጊዜ የቅርብ ዘመዶቿ ከእነማን ወገን ሆነው ተገኙ? ከዚያች በጽዱ አናት ላይ አንገቷን ደፍታ ፍሬ ከምትለቅመው፥ ከባሕር ማዶ ከመጣችው ባለ ቆብ ወፍ ወገን። ዛሬ ሁለቱም በመዛግብት በአንድ የወገን ስም ይጻፋሉ። ባለቤቲቱና እንግዳይቱ የአንድ ቅድመ አያት ልጆች ሆነው ሳለ አንዷ ደጋዋን ሳትለቅ በኅብረት የሚዘመር ዜማ አወጣች፥ ሌላይቱ መንገደኛ ሆና ቀረች፤ በየዓመቱም በኅዳር በአንድ ጽድ ላይ፥ ዘመድነታቸውን ሳያውቁ፥ አንድ ፍሬ ይበላሉ። እኔም ያን ጠዋት ሁለቱን በአንድ መነጽር ክብ ውስጥ አይቻቸው ነበር፤ ያየሁትን ግን አላወቅሁትም።

ፍሬውን በልተው ደግሞ ወዴት ይሄዳሉ? ይህ ስለ ደኑ የመጨረሻው ጥያቄ ነው። የጽድ ሥጋ በወፏ ሆድ ይፈጫል፥ ዘሩ ግን ሳይፈጭ ይወጣል፤ ወፍም እንደ ሰው ከበላ በኋላ የሚያርፍበት ከፍ ያለ ቦታ ይወዳል። በጉለሌ ከሁሉ ከፍ ያለው ቦታ ባሕር ዛፍ ነው። የደን ሊቃውንት በሀገራችን በተተከሉ የባሕር ዛፍና የፈረንጅ ጽድ ደኖች ሥር አገር በቀል ዛፎች ራሳቸው ተመልሰው እንደሚበቅሉ ጽፈዋል፤ ጥላው ለችግኝ መጠለያ፥ ቅርንጫፉም ለዘሪው ወፍ ማረፊያ ይሆናልና። በመመለሻዬ በባሕር ዛፉ መካከል ሳልፍ፥ በጠዋቱ ዓይኔን ወደ ላይ ሰቅዬ ያላየሁትን አሁን ወደ ታች ብመለከት፥ በአንዱ ግንድ ሥር ብቻ ጣት የማትሞላ የጽድ ችግኝ አራት፥ አንድም የቀጋ ቡቃያ ቆጠርሁ። ማንም አልተከላቸውም፤ ረድፍ የላቸውም።

ያየሁትን ለመጻፍ እዚያው ግንድ ላይ ተደግፌ ደብተሬን ዘረጋሁ። ከበላዬ «ጭክ» የምትል ድምፅ ተሰማች። ቀና ለማለት ጊዜ ሳላገኝ ጠብ ያለው ነገር «ኅዳር 12» ብዬ ከጻፍሁት ቃል ላይ አረፈ፤ ሐምራዊ ኩስ ነው፥ በመካከሉም ሁለት የጽድ ዘሮች አሉበት። በጥፍሬ ጫፍ አንሥቼ ከችግኞቹ ራቅ አድርጌ በአፈሩ ውስጥ ደፈቅኋቸው። ቀለሙ ግን ከገጹ አልለቀቀም።